ጭስ የዘራንበት ክረምት

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ሳይንሱ ሌላ ደብተር አለው። እዚያ ቁጥር እንጂ ሐሜት አይገባም። ዶክተር አንዷለም ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ መሣሪያውን ሲያስረክበኝ፣ «ፈሪሀ፣ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ የመሰለሽን አትጻፊ» ብሎኛል። የመሰለኝ ሁሉ ግን እሱም ማደሪያ ይፈልጋል። ይኸው ማደሪያው።

እነሆ እኔ፣ ቆቦ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ጠመኔ የጨረስኩት ፈሪሀ ታሂር፣ ለዚህ ክረምት የራያ አየር ባለሟል ሆኛለሁ። ቤተ መንግሥቴ ከከተማው ዳር ያለው የገበሬዎች ማሰልጠኛ ግቢ ነው። እዚያ አንዲት ሳጥን ቆማለች፤ ከላይ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ከታች ፓምፕ፣ መሃሏ ላይ ክብ ነጭ የማጣሪያ ወረቀት። ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎረች አየር ትስባለች። አየሩ ያልፋል፣ ብናኙ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን በወረንጦ አንስቼ፣ ጠቅልዬ፣ እንስሳት ክሊኒኩ ፍሪጅ ውስጥ ከከብት ክትባት ጎን አስተኛዋለሁ። እስካሁን አልተጣሉም።

ጥያቄው አጭር ነው። ከጭስ፣ ከዛፍ ሽታ፣ ከእበት የሚነሳው ብናኝ ምን ያህል ውኃ ይጠጣል? ደመና ከምንም አይበቅልም። እንፋሎቱ ጠብታ ለመሆን የሚሰፍርበት ነገር ይፈልጋል፤ ዓይን የማያየው ብናኝ ነው ዘሩ። ውኃ የሚወድ ብናኝ ጥሩ ዘር ነው፤ ውኃ የሚጠላው አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከቆላችን አየር ለማወቅ ነው ድካሙ።

ሳጥኗን ፀሐይ እንዳያገኛት ወንድሜ ረመዳን ከራሱ ክምር አምጥቶ የማሽላ አገዳ ዳስ ሠርቶላታል። ዶክተሩ ሊሄድ ሲል ጣቱን ወደ ዳሱ አነሳና፣ «ከዚህ ጥላ አንዲት አገዳ እንዳትጎድል። ማሽኗ ከሞቀች ልኬቱ ሁሉ ውሸት ነው» አለ። ማልኩ። ሹመት ያለ መሐላ አይጸናም።

ዝናብ የለም። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሯል።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ባጃጅ ውስጥ የሰማሁት፤ ከኋላ ተሸፋፍኜ ተቀምጬ።

«ያቺ የአባ ታሂር ልጅ ናት አሉ ደመናውን በቧንቧ የምታስወስደው።»

«ወዴት?»

«አዲስ አበባ ነዋ! እዚያ ጎርፍ መንገድ ዘጋ ሲሉ አልሰማህም?»

ማስረጃው ጠንካራ ነው። እኔን ራሴን ሊያሳምነኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስወርድ ሹፌሩ አየኝና ሒሳብ አልቀበልም አለ። ከአክብሮት ይሁን ከፍርሃት አላጣራሁም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

አያ ይርጋ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ ሲቆምም ተቀምጦ ስብሰባ የሚመራ ይመስላል።

«መምህርት፣ ከሕዝቡ ጥያቄ ተነስቷል። ማሽኗ ለጊዜው እረፍት ትውሰድ።»

«እረፍት ከወሰደች የክረምቱ ልኬት ሞተ አያ ይርጋ። ከደረቁ አየር እስከ ዝናቡ ሳይቋረጥ ካልተለካ እርባና የለውም።»

«እንግዲያው ነገ ስብሰባ ላይ አስረጂ። ካሳመንሽ ትቆያለች። ካላሳመንሽ እኔ ከሕዝቡ ጋር ነኝ።»

ይርጋ ሁልጊዜ ከሕዝቡ ጋር ነው፤ ሕዝቡ ወዴት እንደሚሄድ ካየ በኋላ።

አስረዳለሁ። ሠላሳ ደቂቃ ስለ ግፊት አውርቼ አንድ ተማሪ ያላስተኛሁ ሰው፣ ደመናን ማስረዳት ያቅተኛል?

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ታሪክ ይመዝግበው፦ ዛሬ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተጨበጨበልኝ።

ሕዝቡ ሲሰበሰብ ፊቱ እንደ ማሳው ደርቆ ነበር። አባዬ ከፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አባዬ አበጋር ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ዝናብ ሲጠፋ ዱኣ የሚመሩ፣ ከደጋ ጎርፍ ሲወርድ ቀድሞ ወደ ማን ማሳ እንደሚጠለፍ የሚቆርጡ። እስላሙም ክርስቲያኑም የሳቸውን ቃል ሰምቶ ነው የሚያድረው። የሳቸው ልጅ ደመና ሰረቀች መባሉ ለሳቸው ምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገሩኝም።

ተነሳሁ። «ይቺ ማሽን ደመና አትጠጣም፤ የደመናን ዘር ነው የምትለቅመው» አልኩ። «ዘሩ ምን መሰላችሁ? ከምድር የሚነሳ ብናኝ ነው።» ፊቶች ቀና አሉ። ጣመኝ። «ጭሳችሁ ነው ዘሩ! ጭስ ባይኖር ደመና ባልኖረ!»

ይህችን የመጨረሻዋን ሳይንሱ አላዘዘኝም። ጭብጨባው ነው ያዘዘኝ።

የጨው ነጋዴዋ እትዬ ሲቲ፣ «ታዲያ ወጥ ስንሠራ ዝናብ ስናበስል ኖረናላ!» ብላ ሰውን በሳቅ ገደለችው። ይርጋ፣ «ማሽኗ በሙሉ ድምፅ ትቀጥላለች» አለ፤ ድምፅ ሲቆጥር ግን አላየሁም። ረመዳን ከኋላ ሆኖ «እህቴ ናት» ሲል ሰማሁት።

አባዬ አላጨበጨቡም። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ያልሽውን ሁሉ አውቀሽዋል?» አሉኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ደግ» አሉ። 

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጭስ። ከዞብል ተራራ ግርጌ እስከ አስፋልቱ። መጀመሪያ የጫት ቆሻሻ የሚያቃጥሉ መሰለኝ። አይደለም። አገዳ ነው። የአገዳ ክምር! ባዶ እግሬን አይደለም እንጂ ባዶ ራሴን ሮጥኩ። የመጀመሪያው ነበልባል ከረመዳን ጓሮ። ደረስኩ፤ አልቋል። ሚስቱ ሀሊሜ በር ላይ ቆማ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍናለች።

ማሽኗ እያሳለች ነው። ወረቀት ሁለቴ ቀየርኩ። በኋላ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

አሁን በሰከነ ጭንቅላት።

ለማያውቅ እንዲህ ነው። እዚህ ቆላ አዲስ ሣር እስኪበቅል የከብቱ ነፍስ ያለው ያምና የማሽላ አገዳ ክምር ላይ ነው። ዝናብ በዘገየ ቁጥር ክምሩ ይከበራል፤ ሌሊት ውሻ ያድርበታል። ትናንት ሰዎች ያንን ክምር እየቆረሱ ወደ ሰማይ ላኩት። ደመና ሊዘሩ። በኔ ቃል።

የዛሬው ወረቀት ጥቁር ነው። ነጭ የነበረ መሆኑን በመሐላ ነው የማምነው።

እና ያ ጥቁር ነገር፣ ልንገርህ ደብተሬ፣ ውኃ አይወድም። ትኩስ ጭስ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ አማቶቹ ቤት ማዕድ ሲቀርብለት «ጠግቤያለሁ» ይላል። ፀሐይና አየር ለቀናት ሲያሹት ነው ባሕርዩ የሚለወጠው፤ ያኔ ነው እንደ ቤተኛ ሙሽራ ሳይጋብዙት መጠጣት የሚጀምረው። ያኔ ደግሞ ማን ያውቃል የት ደርሷል። አፋር ላይ ይሆናል። ይህን ዓርብ ዕለት አውቀው ነበር። አውቄው ነው የተውኩት፤ ጭብጨባው መሃል ሙሽራ የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም።

ረመዳን ቤት ሄድኩ። በረቱ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ላሚቱ ቦራ እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ወጥቶ ጎኗ ገብቷል። ከጓሮው የቀረው አመድ ነው።

«ምነው ሁሉንም ረመዳን? ምነው ግማሹን እንኳ?»

«የአበጋር ልጅ ከሰው ኋላ አያነድም። አንቺ አይደለሽ ያልሽው? ሰው ምን ይለኛል፣ የገዛ እህቱን ቃል ተጠራጠረ አይለኝም?»

 ቦራ አመዱን አሸተተችና አነጠሰች።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ደመና መጣ። ስስ፣ ግራጫ፣ እንደ ተበዳሪ አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ይርጋ ግን ድምፅ ማጉያ ይዞ ወጣ። «የመጀመሪያው ዙር ውጤት አሳይቷል! ደመና ታይቷል! ዓርብ ሳምንት፣ ሐምሌ አሥራ ስምንት፣ ሁለተኛው ዙር የጭስ ዘመቻ በአባ ታሂር ምርቃት ይካሄዳል! ማንም ሰው የቀረ ክምር እንዳይደብቅ!»

በዚያች ቀን የቀረው ካለቀ፣ ዝናቡም ሌላ ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ በዚህ ቀበሌ የሚቆም ከብት አይኖርም። ይህን ለመቁጠር ፊዚክስ አያስፈልግም።

ይርጋን አስቁሜ ተሳስቼ ነበር አልኩት።

«መምህርት፣ በሙሉ ድምፅ ያለፈ ነገር ነው።»

«ሳይንስ በድምፅ አያልፍም!»

«ዓርብ ዕለት ሲያልፍ ዝም አላልሽም እንዴ?»

ሰውዬው ቂል ነው እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ።

አስቆመዋለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ግን አስቆመዋለሁ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ማሽኗ ደህና። ወረቀቱ ግራጫ።

ማታ ላይ ትንሽ ነፋስ ነበር። ከዳሱ ጥቂት አገዳ ወሰደ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

አንዳንድ ሰዎች ክምራቸውን ላልነደደባቸው... አይ፣ ለነደደባቸው ማካፈል ጀምረዋል። ሀሊሜ እንደነገረችኝ ለረመዳንም አንድ ሸክም ቢያመጡለት በር ላይ መልሷቸዋል። «የአበጋር ልጅ አገዳ አይለምንም።» ከኔ ጋር አይነጋገርም። ተሳስቻለሁ ማለቴን ሰምቷል፤ ማቃጠሉ ሳይሆን በከንቱ ማቃጠሉ ነው የከነከነው። «ብትዋሺ እንኳ በዋሸሽበት ብትጸኚ ምን ነበረበት?» ብሏል አሉ።

ነፋሱ ዛሬም ነበር።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

እትዬ ሲቲ መደብ ላይ ጨው ትሸጣለች፤ ከአፋር በኩል የሚመጣውን። ዛሬ ሳልፍ ጆንያዋን እየገለጠች ስትቆጣ አገኘኋት።

«ላበብኝ! ዛሬም ላበብኝ! ይኸን ጨው ሰማዩ ነው የሚያስለቅሰው፤ ዝናቡስ ቀርቧል።»

ቆምኩ። ጨው አየር ውስጥ ያለውን ውኃ ስቦ ይጠጣል፤ ቆቦ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። በክረምት የማድ ቤት ጣራ ላይ ያለው አሮጌ ጥቀርሻ እንደሚወዛ፣ ነጠላ ላይ ጥቁር እንባ እንደሚያንጠባጥብም ሁሉም ሴት ታውቃለች። ያ ጥቀርሻ የዓመታት ጭስ ነው! አርጅቶ፣ አየር ጠጥቶ ውኃ መውደድ የለመደ። እኔ ቁርቁራው ሥር ቆሜ ስለማይታይ ነገር ስለፈልፍ፣ ማስረጃዬ በየቤቱ ጣራ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል።

«እትዬ ሲቲ፣ አንድ እፍኝ ጨው ስጪኝ።»

«ለወጥ ነው ለሳይንስ?»

«ለሳይንስ።»

«እንግዲያው ሁለት እፍኝ ውሰጂ፤ ሳይንስሽ አልጫ ነው ይላሉ።»

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ሙከራ፣ ከትናንት ማታ። አራት ሰሐን። ጨው፤ ስኳር፤ ከሀሊሜ ማድ ቤት ጣራ የተፋቀ አሮጌ ጥቀርሻ፤ ትኩስ የአገዳ ጥላሸት። ሁሉንም እርጥብ ጨርቅ በተዘረጋበት ገበታ ላይ አድርጌ ትልቅ ሰፌድ ደፋሁበት፤ በላዩ ደግሞ የፕላስቲክ ሉክ። አዳር።

ጠዋት፦ ጨው ውኃ ሆኗል። ስኳር ተጣብቋል። አሮጌው ጥቀርሻ ወዝቷል፤ ጣት ያቀልማል። ትኩሱ ጥላሸት እንደ ዶሮ ላባ ደረቅ። በላዩ ጠብታ ብጥልበት ተንከባሎ ወረደ።

አልሐምዱሊላህ። ሙሽራው ማዕድ አልቀረበም።

ነፋሱ ማታ ማታ ልማድ አድርጎታል። ዳሱ በምዕራብ በኩል ሳስቷል። የማስተምርበትን ነጭ ጋዋን አልጋ ልብሴ ላይ ሰፍቼ በላዩ ዘረጋሁ። የማሽኗ ሙቀት አልጨመረም፤ ይህንን በሳይንሱ ደብተር ጽፌዋለሁ፦ «ጥላ፣ በከፊል ነጭ ጨርቅ።» ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ዛሬ አባዬ ጋ ገባሁ። ይርጋ ሲወጣ በር ላይ ተላለፍን። ምርቃቱን ሊያስታውሳቸው ነበር የመጣው።

ሰሐኖቹን አሳየኋቸው። ጥላሸቱ ላይ ጠብታዋ ስትንከባለል ሁለቴ ደገሙት፤ ሁለተኛው ለጨዋታ ይመስለኛል። ከዚያ፣ «ይሁን፣ ትኩሱ አይጠጣም። አሮጌው ይጠጣል። ታዲያ ብዙ ብናጨስና ቢያረጅስ?» አሉ።

ከዩኒቨርሲቲ ፈተና የከበደ ጥያቄ ነው። አሰብኩና፣ «አባዬ፣ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ለስንት ማሳ ነው በአንዴ የሚጠልፉት?» አልኳቸው።

«እንደ ውኃው ነው። ካነሰ ለሁለት።»

«ለሃምሳውም ቢከፍሉትስ?»

«አቧራውን አርሶ ይቀራል። ሃምሳውም ይደርቃል።»

«ደመናውም እንደዚያው ነው። ሰማይ ላይ ያለው ውኃ ውስን ነው። ዘሩ ከልክ በላይ ከበዛ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይሻማል፤ ጠብታው ሁሉ ይቀጭጫል፣ ለመውደቅ አይከብድም። ደመና ይሆናል፤ ዝናብ አይሆንም።»

 ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ካለፈው ወር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው ማየቴ። «እንግዲህ ሰማይም አበጋር ይፈልጋል በይኛ።»

«ዓርብ ይንገሩልኝ አባዬ። እርስዎ ካሉ ያቆማሉ።»

ፈገግታው ጠፋ። «እኔ ካልኩ ያቆማሉ። ለከርሞ ግን እኔ ብሞት ደግመው ያነዳሉ። ያልሽው አንቺ ነሽ፤ የምትመልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልመርቅም፤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ቁርቁራው ሥር ሰው ሞላ። ክብሪት የያዘ አለ። ችቦ ያዘጋጀ አለ። ይርጋ አዲስ ኮፍያ አድርጓል።

ሰሐኖቼን ይዤ ወጣሁ። ከሠርግ ቤት የመጣሁ ነው የምመስለው።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ የነገርኳችሁ ግማሹ እውነት ነበር» አልኩ። «ግማሽ እውነት ደግሞ እንደ ግማሽ ድልድይ ነው። ያሻገርኳችሁ እኔ ነኝ፤ የወደቃችሁት እናንተ።»

«አሁን ደግሞ ምን ልታስነድጂን ነው?» አለ አንዱ። ሳቁ።

«እናቶች ይምጡ፤ ይንኩ» አልኩ። እትዬ ሲቲ ቀድማ መጣች። ጨው፣ ስኳር፣ ጥቀርሻ ነካች፤ እጇን ለሰው ሁሉ አሳየች። ትኩሱ ላይ ጠብታ ጣለች፤ ተንከባለለ። «አይ ይኼ! እንደ ምራቴ ነው፤ ቢያጠጡት አይጠጣ!» ምራቷ ከመሃል ሆና፣ «ቢያጠጡኝ ምን አለ፣ መች አጠጣሽኝ?» አለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሳይበርድ የጎርፉን ነገር ነገርኳቸው፤ ሁለት ማሳና ሃምሳ ማሳ። እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። ጎርፍ ጠለፋ የቆላ ሰው ደም ነው። ሽማግሌዎች አንገታቸውን ነቀነቁ።

ይርጋ ተነሳ። «ታዲያ መምህርት፣ የመጀመሪያው ዙር...»

«የመጀመሪያው ዙር ጥፋት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ያቃጠለ ሰው ቃሌን አምኖ ነው እንጂ ቂል ሆኖ አይደለም።»

ይህንን ስል ዓይኔን ወደ ኋላ ወረወርኩ። ረመዳን ቆሞ ነበር። ዘወር አለና ሄደ።

ሁሉም ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ከርጩማቸው ሳይነሱ፣ «ዱኣ እናደርጋለን። ክብሪቱን ለሻይ አቆዩት» አሉ። አለቀ።

ሦስት አራት ሰዎች ግን አመሻሹ ላይ አነደዱ። «ለማንኛውም» ብለው። ለማንኛውም የሚባል ሃይማኖት አለ፤ ሁላችንንም አንድ የሚያደርገን እሱ ነው።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ዝናብ የለም። የተሳደብኩትን ስድብ ሁሉ ልጽፍ ነበር፤ ቀለሙ ያሳዝናል።

ባጃጅ ሹፌሩ ዛሬ ሒሳብ ተቀበለኝ። ከሹመቴ ተሻርኩ ማለት ነው።

ነፋስ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ቀን ሞቃት፣ የሚያጣብቅ። የእትዬ ሲቲ ጨው ጆንያው ሥር ኩሬ ሠርቷል። ማሽኗ የውኃው ልክ እየጨመረ ነው ትላለች። ከምዕራብ፣ ከግዳን ደጋ በላይ፣ ደመናው እንደ ጎመን ተቆልሏል። ወረቀቱ ዛሬ ጥቁርም ነጭም አይደለም፤ ቡናማ፣ እንደ ፈዘዘ ሻይ። ከሩቅ የመጣ፣ ያረጀ ብናኝ ይመስለኛል። የመሰለኝን ስለሆነ እዚህ ነው የጻፍኩት።

ጋዋኑ አሁን የዳሱን ከግማሽ በላይ ሸፍኗል። ነፋሱ በዚህ ከቀጠለ ጫማዬን ጨምሬ ልሰፋ ነው።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

መጣ! ሱብሓነላህ፣ መጣ!

አሥር ሰዓት ላይ ደጋው ጠቆረ። እኛ ዘንድ አንድ ጠብታ አልወደቀም፤ ግን ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወደ ሆርማት ሮጠ። የኛ ዝናብ እንዲህ ነው፤ ደጋ ላይ ይዘንባል፣ ቆላ ላይ በእግሩ ይመጣል። ጎርፉ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ወረደ። አባዬ ወንዙ ዳር ቆመው እጃቸውን እያነሱ፣ «ወደ ምሥራቅ! አሁን ዝጉ! ቁጥቋጦውን ጨምሩ!» ይላሉ። ድንጋይና እሾህ ያልተሸከመ ሰው የለም። የይርጋ ኮፍያ በጎርፍ ሄደ፤ ተከትሎት ሊሄድ ሲል በቀበቶው ያዝኩት።

ጭቃ ውስጥ እጅ ለእጅ ድንጋይ ስንቀባበል ከጎኔ ያለው ማን እንደሆነ አላየሁም ነበር። ድንጋዩን ሲሰጠኝ፣ «በጉልበትሽ አንሺ እንጂ በወገብሽ አይደለም፣ አንቺ ፊዚክስ» አለኝ። ረመዳን ነበር።

ማታ እኛም ላይ ዘነበ። ማሽኗን ከጋዋኑ ሥር እያንጎራጎረች ተውኳት። አንድም ቀን አልተቋረጠችም።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

እነሆ አዲስ መከራ። ተመሰገንኩ።

በየመንገዱ፣ «የጭሷ መምህርት! ዘርተሽ አዘነብሽልን!» ይሉኛል። ለማንኛውም ብለው ያነደዱት ሦስቱ ሰዎች ከሁሉ በላይ ቀና ብለው ይሄዳሉ። ይርጋ ለበላይ የሚልከውን ሪፖርት አነበበልኝ፦ «በኅብረተሰቡ ንቁ ተሳትፎ ዝናብ እንዲዘንብ ተደርጓል።» ከርሞ ከሰኔ ጀምሮ እንዲነደድም አቅዷል።

ባልናገር ማንም አይጠይቀኝም። ረመዳንም በከንቱ አላቃጠለም ይባላል። 

አባዬን ጠየቅኳቸው። «እርስዎ ዱኣ አድርገው ሲዘንብ፣ ሰው ሲያመሰግንዎት ምን ይላሉ?»

«ወደ ላይ እጠቁማለሁ።»

«ሳይዘንብስ?»

«ያኔ እነሱ ወደኔ ይጠቁማሉ።» ሳቁ። «ምስጋናውን ያልያዘ ሰው ነው ወቀሳውን የሚችለው።»

ተነስቼ ቁርቁራው ሥር ሄድኩ። ዝናብ ስላረካቸው ሰዎቹ ገራም ነበሩ። ጭሳችን አላዘነበውም፣ ደመናው ከምዕራብ ነው የመጣው፣ የኛ ጭስ ወዴት እንደሄደም አላውቅም አልኩ። «አላውቅም» ስል አንዳንዱ ቅር አለው፤ መምህር አላውቅም ሲል እንደ ሐኪም ሲያለቅስ ነው። ይርጋ፣ «ሪፖርቱ ተልኳል» አለ።

«እንግዲያው ሌላ ላክ» አልኩ። «ከርሞ አንድ አገዳ የሚያነድ ሰው መጀመሪያ ሰሐኖቼ ጋ ይምጣ።»

ያን ጊዜ ረመዳን ከኋላ፣ «እኔ አነደድኩ። ከንቱ ነበር» አለ።  ከዚያ በኋላ ስለ ከርሞ ጭስ ያወራ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ዶክተር አንዷለም መጣ። ወረቀቶቹን ከክትባቱ ጎን አስነስቶ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ደረደረ። ከደረቁ አየር እስከ ዝናቡ ሙሉ ነው፤ አንድም አልጎደለም። የጭሱ ቀን ወረቀት ላይ ሲደርስ ፉጨት አወጣ። ስለሱ ብዙ እንደሚጻፍ ነገረኝ። ስለሱ ብዙ እንደተጻፈ አልነገርኩትም።

ከዚያ ወደ ማሽኗ ሄድን። አንገቱን ቀና አደረገ። ከዳሱ የቀሩት አራት ቋሚዎች ናቸው፤ በላያቸው አልጋ ልብስና የኔ ጋዋን፣ ኪሱ ውስጥ እስካሁን ጠመኔ አለ።

«አገዳውስ?»

«ነፋስ» አልኩ።

ጋዋኑን አየ። ንቅንቅ አይልም። ቅጠል አይንቀሳቀስም።

«ሁሉንም?»

«የቆላ ነፋስ ነው ዶክተር።»

እዚህ ላይ ሀሊሜ በግቢው በር ገባች። በእጇ በሳፋ ክዳን የተሸፈነ ጣባ ይዛለች። ቦራ ትናንት ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባረ ነጭ ናት፣ እንደ እናቷ። ሀሊሜ ዶክተሩን ሰላም አለችና ጣባውን እኔ እጅ ላይ አኖረች።

«ያ ነፋስ ማታ ማታ በኛ በረት ነበር የሚያልፈው» አለች። «ረመዳን እያየ ዝም ይል ነበር። እንገሩን ለነፋሱ አድርሺ ብሎኛል።»

ጣባውን ገለጥኩት። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ትኩስ እንገር። ዶክተሩ ማንኪያ ጠየቀ። በላ፤ ደገመ። ከዚያ አፉን ጠርጎ፣ «በሳይንሱ ደብተር ላይ ስለ ጥላው መጻፍ አለብሽ» አለኝ። «ያየሽውን ብቻ።»

ጻፍኩ፦ የነፋስ አቅጣጫ፣ ከዳሱ ወደ ረመዳን በረት።